የአርት ብሌኪን «ሞኒን» በሸክላ ልትገዙ ነው? የትኛውን እትም?

ድምዳሜውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የቸኮለ ከዚሁ ይመለስ። አዲስ ሸክላ ከሆነ የምትፈልጉት ይህን የጃዝ አልበም መጀመሪያ ያወጣው ኩባንያ፣ ብሉ ኖት ራሱ፣ «ክላሲክ ቫይናል» በሚለው ተከታታይ ያወጣውን ግዙ። ውጭ አገር ከ25 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። በደህና የተያዘ የጃፓን እትም በተመጣጣኝ ዋጋ ካጋጠማችሁ እሱንም ዓይናችሁን ሳታሹ ውሰዱ። አውሮፓ ውስጥ በርካሽ እየታተሙ መደብሩን ከሚያጥለቀልቁት፣ ስለ ማስተር ቴፕ (ዋናው የቀረጻ ቴፕ) አንዲት ቃል ከማይተነፍሱት ግን ራቁ። የ1959ኙን ኦሪጂናል ደግሞ ገንዘብ ለተረፈው ሰብሳቢ ተዉለት።

ምክንያቱን ማወቅ የምትፈልጉ ቁጭ በሉ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ስለየትኛው ሸክላ ነው የምናወራው

«ሞኒን» የተቀዳው ኦክቶበር 30 ቀን 1958 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ኒው ጀርሲ፣ ሃከንሳክ ከተማ፣ የድምፅ ቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ወላጆች ቤት። ሰውዬው ስቱዲዮ ያደረገው የቤተሰቡን ሳሎን ነው። በዚያን ጊዜ እንጀራው የዓይን ምርመራና መነጽር ነበር፤ ቀረጻው የትርፍ ሰዓት ሥራው ነው። ያም ሆኖ እዚያ ሳሎን ውስጥ የተቀዱት የብሉ ኖት ሸክላዎች ናቸው ዛሬም «ሃርድ ባፕ» (ብሉዝና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚሸት የጃዝ ዓይነት) ሲባል ጆሯችን ላይ ድቅን የሚሉት።

ባንዱ አምስት ሰው ነው። ከበሮ ላይ አርት ብሌኪ፣ የፒትስበርግ ልጅ፣ 39 ዓመቱን ገና መድፈኑ። ትራምፔት ላይ ሊ ሞርጋን፣ 20 ዓመቱ! ቴነር ሳክስፎን ቤኒ ጎልሰን፣ ፒያኖ ቦቢ ቲመንስ፣ ቤዝ ጂሚ ሜሪት። ከብሌኪ በቀር አራቱም የፊላደልፊያ ልጆች ናቸው። ጎልሰን አገሩን ያውቃል፣ ብሌኪን «እነዚህን ልጆች ውሰዳቸው» ያለውም እሱ ነው፤ ከስድስቱ ዜማዎች አራቱን የደረሰውም እሱ ነው። ይሁን እንጂ አልበሙን ያስጠራው የቲመንስ ዜማ ሆነ። ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው የባንዱ ስም ብቻ ነበር፣ «አርት ብሌኪ ኤንድ ዘ ጃዝ ሜሰንጀርስ» ተብሎ። የመጀመሪያው ዜማ እንደዚያ ሲወደድ ሰዉ አልበሙንም በዜማው ስም መጥራት ጀመረ፣ ኩባንያውም ተከተለ። ይህን የምነግራችሁ ለታሪኩ ብቻ አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል። ብሌኪ በባንዱ ስም ብቻ የተጠሩ ሌሎች አልበሞችም ስላሉት በካታሎግ ቁጥር ፈልጉ። ሞኖው (ባለ አንድ ቻናሉ) 4003፣ ስቴሪዮው (ባለ ሁለቱ) 84003።

ዜማውን ሰምታችሁት የማታውቁ ካላችሁ፣ አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ፒያኖው ብቻውን አንዲት አጭር ሐረግ ይላል። ባንዱ በሁለት ድምፅ ይመልስለታል፣ «አሜን» እንደማለት። ፒያኖው ደግሞ ይላል፣ ባንዱ ይመልሳል። አቀንቃኝና ተቀባይ ነው በአጭሩ። ቲመንስ ፊላደልፊያ ያደገው ሰባኪ በነበሩት አያቱ ቤት ነው፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ከዚያ ሊ ሞርጋን ይገባል፤ ያ ልጅ እንዴት እንደሚገባ ግን እኔ ብጽፈው ይበላሻል፣ ስሙት።

ይቺ የመጀመሪያዋ ደቂቃ እትሞችን ለማወዳደር ከሁሉ የተሻለች ናት። ፒያኖው ብቻውን ስለሆነ የሸክላው የጀርባ ጩኸት፣ መንጫጫቱም ሆነ መንኳኳቱ፣ መደበቂያ የለውም። የባንዱ መልስ ሲመጣ ደግሞ ትራምፔቱ ጆሮ የሚወጋ መሆን አለመሆኑን እዚያው ታውቁታላችሁ።

«የስንት ዓመት ነው?» ከማለት በፊት «ከምን ተቀዳ?» በሉ

ሸክላ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዓመቱን ነው። ሁለተኛ ክብደቱን። ሁለቱም ብዙም አይጠቅሙም።

የሚጠቅመው መንገዱ ነው። ቫን ጌልደር የቀዳው ቴፕ አለ። ከቴፑ ድምፁ ወደ ላከር ይቀረጻል፤ ላከር ማለት ለስላሳ ሽፋን የተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ነው፣ መርፌ መሰል ስለት መስመሩን ይቆፍርበታል። ከላከሩ የብረት ቅርጽ ይወሰዳል፣ በብረቱ ደግሞ የጋለ ፕላስቲክ እየተጨፈለቀ እኛ ቤት የሚገባው ሸክላ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ነገር ድምፁን ይወስናል። አንደኛ፣ ላከሩ የተቆረጠው ከዋናው ቴፕ ነው ወይስ ከግልባጭ፣ ወይስ ከዲጂታል ፋይል፣ ወይስ ይባስ ብሎ ከሲዲ? ሁለተኛ፣ ማን ቆረጠው? ሦስተኛ፣ የትኛው ፋብሪካ አተመው? የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ጊዜ ልናገርና ልለፈው። 180 ግራም የሚል ተለጣፊ የድምፅ ዋስትና አይደለም። ወፍራም ሸክላ እጅ ላይ ደስ ይላል፣ ቶሎም ላይጎብጥ ይችላል፤ መስመሩ ላይ የተቀረጸው ግን በክብደት አይቀየርም። የ1959ኞቹም ቢሆኑ 180 ስለሆኑ አይደለም የተወደዱት። ከሲዲ የተቀዳ 180 ግራም ሸክላ ያው ከሲዲ የተቀዳ ነው።

ሞኖ ወይስ ስቴሪዮ፣ ያቺ የማታልቅ ክርክር

ጃዝ ሰብሳቢዎች መካከል «እውነተኛው ሞኖው ነው» የሚል አቋም አለ፣ አንዳንዱ እንደ ሃይማኖት ይዞታል። ለብዙ የ1950ዎቹ ሸክላዎች ልክ ናቸው። ብሉ ኖት በ1957 ስቴሪዮ መሞከር ሲጀምር ቫን ጌልደር ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ያስነሳ ነበር፣ አንዱ ለሞኖ፣ አንዱ ለስቴሪዮ። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ሞኖው የራሱ ቴፕ አለው።

«ሞኒን» ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ1958 መገባደጃ ላይ ቫን ጌልደር ለሞኖ ለብቻው መቅዳቱን ተወው። ባለ ሁለት ቻናሉን ስቴሪዮ ቴፕ ብቻ ይቀዳል፣ ሞኖ ሸክላ ሲያስፈልግ ሁለቱን ቻናሎች አንድ ላይ ደርቦ ይቆርጣል። ይህ አልበም የዚህ አሠራር ልጅ ነው። ስለዚህ «ሞኖው ሌላ ሚክስ ነው፣ ሌላ ቴፕ ነው» እያለ ዋጋ የሚቆልልባችሁ ሻጭ ቢኖር፣ ለዚህ አልበም አይሠራም በሉት።

ሞኖው አይረባም ማለቴ አይደለም። የ1958ቱ ስቴሪዮ ሰዎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው ይሄ ይረብሻል። ሞኖው ደግሞ አምስቱን አንድ ላይ ሰብስቦ ደረታችሁ ላይ ያመጣቸዋል፣ የብሌኪ ከበሮም ይከብዳል። ግን ማጉያችሁ ላይ «ሞኖ» የሚል ቁልፍ ካለ፣ ስቴሪዮ እትሙን አጫውታችሁ ቁልፉን ተጫኑት። ቫን ጌልደር ካደረገው ብዙም የራቀ አይደለም፣ ያውም በነጻ። እኔ በድምፅ ማጉያ ስሰማ ስቴሪዮውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ተነጣጥለው ሲመላለሱ ጨዋታቸው ይበልጥ ይገባኛል።

ክላሲክ ቫይናል

ይሄኛው ተከታታይ በ2020 መጨረሻ ላይ የጀመረ ነው። ላከሩን የሚቆርጠው ኬቪን ግሬይ ነው፣ ካሊፎርኒያ፤ ቴፑ ዋናው የብሉ ኖት ቴፕ ነው፤ መሀል ላይ ዲጂታል ነገር የለም። የሚታተመው ጀርመን፣ ኦፕቲማል የሚባለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስቴሪዮ፣ በደቂቃ 33 ዙር፣ አንድ ሸክላ። ሽፋኑ ተራ ነው፣ የሚገለበጥ ክንፍ የለውም።

ብዙ ሰው ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ «ሁለተኛ ደረጃ» ያስመስለዋል። ብሉ ኖት ጎን ለጎን የሚያወጣው «ቶን ፖኤት» የሚባል ተከታታይ አለ፣ በ2019 የጀመረ፣ ወፍራም ሽፋን፣ ውስጡ የብሉ ኖቱ ፎቶ አንሺ የፍራንሲስ ዎልፍ ፎቶዎች፣ ካሊፎርኒያ አር-ቲ-አይ ፋብሪካ የሚታተም። ያምራል። ግን እሱንም የሚቆርጠው ያው ኬቪን ግሬይ ነው፣ ያውም ከዋናው ቴፕ። ጭማሪውን የምትከፍሉት በአብዛኛው ለካርቶኑና ለፋብሪካው ነው። ካርቶን የምትወዱ ከሆነ አልፈርድባችሁም፣ ብቻ ለድምፅ ነው አትበሉ።

ድምፁ እንዴት ነው? ቤዙ ግልጽ ነው፤ የሜሪት ጣቶች ክሩ ላይ ሲያርፉ ይታወቃሉ። ሲምባሉ አይቆራርጥም። ፒያኖው ግን ትንሽ የታፈነ፣ ሳጥን ውስጥ የገባ ይመስላል። አትደንግጡ፣ ሸክላችሁ አልተበላሸም። የቫን ጌልደር ፒያኖ እንደዚያ ነው፣ ሰዎች ስልሳ ምናምን ዓመት ሲያማርሩበት ኖረዋል። ይሄን «አስተካክለናል» የሚል እትም ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ፒያኖውን ሲያጠሩት ትራምፔቱ አብሮ ይሾላል።

እንደማንኛውም ፋብሪካ ግን እዚህም የተበላሸ ይወጣል። ሸክላውን ስታስነሱ የመርፌውን ክንድ ከላይ ተመልከቱት። ወደ ውስጥ ቀስ እያለ መሄድ ሲገባው በየዙሩ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳው መሀል ላይ አልተበሳም ማለት ነው። ሳክስፎን ላይ ላይሰማችሁ ይችላል፤ ፒያኖው ረዘም ያለ ድምፅ ሲይዝ ግን ይዋልላል። ይሄ ሰበብ አያስፈልገውም፣ መልሱት። ደህና መደብር ይቀይርላችኋል።

ሚውዚክ ማተርስ

ከክላሲክ ተከታታይ በፊት ሚውዚክ ማተርስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ በብሉ ኖት ፈቃድ ያሳትም ነበር፣ በ2007 ነው ሥራ የጀመረው። «ሞኒን»ን በ33 ዙር አውጥተውታል። ኬቪን ግሬይ፣ ዋናው ቴፕ፣ አር-ቲ-አይ፣ ክንፍ ያለው ሽፋን። አሁን ከገበያ ወጥቷል፣ ሁለተኛ እጅ ላይ ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል።

ቆንጆ ሸክላ ነው፣ አልክድም። ልዩነቱ ግን በጥሩ ማጉያ፣ ጎን ለጎን እያጫወተ ለሚያወዳድር ሰው ነው የሚሰማው፣ ለሱም ቢሆን ትንሽ ነው። ያው ቴፕ፣ ያው ሰው፣ ያው እጅ። በሦስት እጥፍ ዋጋ የምትገዙት ብርቅነቱን ነው። በዚያ ገንዘብ ሦስት ሌሎች አልበሞች ትወስዳላችሁ።

ጃፓን

ብሌኪና ባንዱ በጃንዋሪ 1961 ጃፓን ሄደው የተቀበላቸው ሕዝብ አሜሪካ ውስጥ አይተውት የማያውቁት ነበር። «ሞኒን» እዚያ የጃዝ አፍቃሪው ብቻ ሳይሆን የመንገደኛውም ዜማ ሆነ። ምግብ የሚያደርሱ ልጆች በብስክሌት እየሄዱ ያፏጩት ነበር የሚለው ወሬ ዛሬም ድረስ ይነገራል። ስለዚህ ጃፓኖች ይህን አልበም ደጋግመው አትመውታል፣ ገዢዎቻቸውም በጥንቃቄ ይዘውታል።

በጃዝ ሰዎች ዘንድ የሚወደደው ኪንግ የሚባለው ኩባንያ ከ1977 እስከ 1983 ድረስ ያተመው ነው። ከዚያ በኋላ ቶሺባ ነው። የኪንግ ሸክላ ፕላስቲኩ ፀጥ ያለ ነው፤ ያቺ የፒያኖ መግቢያ ስትመጣ ከጀርባዋ ምንም የለም። ያተሙት ከአሜሪካ ከተላከላቸው ግልባጭ ቴፕ ነው፣ ይሄ ደካማ ጎኑ ነው፤ ከኬቪን ግሬይ ሥራ ጋር ሲተያይ ከበሮው ትንሽ ሥጋ ያንሰዋል፣ ላይ ላዩ ደግሞ ደመቅ ይላል። የብሌኪን ድራም ሮል ለሚወድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ደግሞ አርባ ምናምን ዓመት የሆነው ሸክላ አዲስ መስሎ፣ የወረቀት መታጠቂያውን እንደታጠቀ ስታገኙት ደስታው ሌላ ነው።

ከጃፓን በቀጥታ የምታስመጡ ከሆነ የመላኪያውን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሸክላው ርካሽ ሆኖ መላኪያው ከሸክላው ሲበልጥ የታየ ነገር ነው። ሁለት ሦስት አብሮ ማዘዝ ያዋጣል።

ኦሪጂናሉና የድሃው ሰው ኦሪጂናል

የመጀመሪያው እትም የሚታወቅበት ብዙ ምልክት አለው። መለያው ላይ (ሸክላው መሀል የተለጠፈው ክብ ወረቀት) የብሉ ኖት አድራሻ «47 ዌስት 63ኛ» ተብሎ ተጽፏል። ዜማው ካለቀ በኋላ መለያው ዙሪያ ያለውን ባዶ ለስላሳ ቀለበት ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ስታዩት የቫን ጌልደር የስሙ መጀመሪያ ፊደላት አሉ፣ እሱ ራሱ ላከሩን እንደቆረጠ ማረጋገጫ ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ እንደ ጆሮ የተጠመዘዘች ትንሽ ምልክት ትገኛለች። ሰብሳቢዎች «ጆሮዋ» ይሏታል፣ ፕላስቲላይት የተባለው ፋብሪካ ማተሙን የምትናገር ናት። ጆሮዋን ፍለጋ ጠረጴዛ መብራት ስር አንገቱን አጣሞ የሚያመሽ ሰው ብታዩ አትሳቁበት።

ድምፁስ? ንጹሕ ከሆነ ኃይለኛ ነው። ቫን ጌልደር ሲቆርጥ ድምፁን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ትራምፔቱ ከማጉያው ውስጥ ዘሎ ይወጣል። ችግሩ «ንጹሕ ከሆነ» የምትለዋ ናት። ይህ አልበም በዘመኑ የፓርቲ ሸክላ ነበር፣ በከባድ መርፌ ተፈጭቷል፣ ቢራ ፈስሶበታል። ንጹሑ ብዙ መቶ ዶላር ይጠየቅበታል፣ በጣም ንጹሑ ሺህን ያልፋል። «በጣም ጥሩ» ተብሎ የተሸጠ ሸክላ ሲመጣ ቆሎ የሚያምስ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሻጭ ደረጃ የሚሰጠው በዓይኑ እንጂ አጫውቶ አይደለም። መግዛታችሁ ካልቀረ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ አጫውታችሁታል ወይ፣ ካልሆነልኝ ትመልሱልኛላችሁ ወይ። መልሱ ከዞረ እናንተም ዙሩ።

መሀል መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ብልሃት ግን አለ። ብሉ ኖት በ1965 ሊበርቲ ለሚባል ሌላ የሙዚቃ ኩባንያ ተሸጠ። ሊበርቲ ከዚያ በኋላ ሲያሳትም ብዙ ጊዜ የተጠቀመው ያንኑ ቫን ጌልደር የቆረጠውን፣ የነበረውን የብረት ቅርጽ ነው። ስለዚህ መለያው ላይ የሊበርቲ ስም ያለበት፣ ባዶው ቀለበት ላይ ግን የቫን ጌልደር ምልክት ያለበት ሸክላ አለ። ጆሮዋ የለችውም፣ ፕላስቲኩም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ የሰብሳቢ ዋጋ ስለሌለው ግን ከኦሪጂናሉ እጅግ ይረክሳል። የቫን ጌልደርን የራሱን እጅ መስማት የሚፈልግ፣ ኪሱ ግን የማይፈቅድለት፣ እሱን ይፈልግ። ምልክቱ ከሌለ ተዉት፣ ሌላ ሰው እንደገና ቆርጦታል ማለት ነው።

ርካሾቹ የአውሮፓ እትሞች

እዚህ ላይ ትንሽ ሕግ እንነካ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የድምፅ ቅጂ መብት 50 ዓመት ነበር። በ2011 ወደ 70 ከፍ አደረጉት፣ ነገር ግን ቀድሞ ጊዜው ያለፈበትን ወደ ኋላ አልመለሱም። ውጤቱ ምን ሆነ? እስከ 1962 የወጣ ቅጂ በሙሉ እዚያ የማንም ሆኖ ቀረ። «ሞኒን» የወጣው በ1959 ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ማንም ተነስቶ ብሉ ኖትን ሳይጠይቅ፣ ለሙዚቀኞቹም ወራሾች ስለ ቅጂው ሳይከፍል ሊያትመው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግን አይቻልም፤ በ2018 የወጣው ሕግ የእነዚህን ዓመታት ቅጂ እስከ 2067 ድረስ ይጠብቃል።

ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን ለሕግ ሰዎች ልተወው። የእኔ ጥያቄ ቴፑ የት አለ የሚለው ነው። ቴፑ ያለው ብሉ ኖት እጅ ነው፣ ለእነሱ አይሰጥም። ታዲያ ከምን ያትማሉ? ከሲዲ፣ ወይም ከአንድ አሮጌ ሸክላ። ድምፁም እንደዚያው ነው፤ «ድራም ተንደር ስዊት» የሚለው የአልበሙ ዜማ ላይ ብሌኪ ትልቁን ከበሮ ሲመታ ጉልበቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጠፍጣፋ ነው።

መለየት አይከብድም። ሽፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ «ተጨማሪ ዜማ» የሚል ተለጣፊ አለ፣ ፎቶው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ቀለም ያላቸው ሸክላዎችም ይበዛሉ። «ማስተር ቴፕ» የሚል ቃል የለም፣ የቆራጩ ስም የለም። ዋጋቸው 12፣ 15 ዶላር ነው፣ ያታልላል። በተለይ ተጨማሪ ዜማው መጥፎ ነው። ኦሪጂናሉ በአንድ ጎን 20 ደቂቃ አካባቢ ነው የያዘው፣ ለ33 ዙር ልክ የሆነ ርዝመት። አንድ ዜማ ሲጨምሩበት መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁም መቀነስ ይኖርበታል።

ያው ብሉ ኖት ራሱም በ2014፣ 75ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከዲጂታል ፋይል የተቆረጡ ሸክላዎች በርካሽ አውጥቶ ነበር፣ «ሞኒን»ም አለበት። ከአውሮፓዎቹ ይሻላል፣ ከክላሲኩ ያንሳል። ሁለተኛ እጅ ላይ ካያችሁትና ልዩነቱ አምስት ዶላር ብቻ ከሆነ፣ አምስቷን ጨምሩ።

ማጫወቻችሁስ?

ይሄ ሁሉ ጣጣ ትርጉም የሚኖረው ማጫወቻው ደህና ከሆነ ነው። የሻንጣ ቅርጽ ያላቸው ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌያቸው ከባድ ነው፣ ሸክላውን ይፍቁታል፤ በእነሱ ላይ ክላሲኩም ሆነ ርካሹ ልዩነታቸው አይሰማም። እንደዚያ ከሆነ ያላችሁ፣ ሸክላውን ለጊዜው ተዉትና ቫን ጌልደር ራሱ በኋላ ዘመን ማስተር ያደረገውን ሲዲ ግዙ። ርካሽ ነው፣ የመጀመሪያው ዜማ ሌላ ቅጂም አለበት፣ ሊ ሞርጋንና ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ውስጥ ሲነጋገሩ የተቀዳች አጭር ጨዋታ ጭምር።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። ብዙ ቤት ያለው ማጫወቻ የአባት ወይም የአጎት ነው፣ የአምሃና የካይፋ ሸክላ ሲጫወትበት የኖረ። ማሽኑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ግን አርባ ዓመት አገልግሎ ከሆነ መርፌ መሆኑ ቀርቶ ቺዝል ሆኗል። አዲስ ሸክላ ከማስቀመጣችሁ በፊት መርፌ ቀይሩ። ፍጥነቱንም እዩ፤ ሰባት ኢንቹን ትንሽ ሸክላ ለማጫወት 45 ላይ እንደተቀመጠ ከቀረ ሊ ሞርጋን እንደ ካርቱን ይሮጣል።

ሸክላውን ከውጭ በሰው ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ ለሚያመጣላችሁ ሰው ይህን ንገሩት። ፕላስቲኩን ይክፈተው። ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ ከሽፋኑ ያውጣና ከሽፋኑ ኋላ ያስቀምጠው፣ ሁለቱንም ከላይና ከታች በካርቶን ይያዝ። ውስጡ ካለ ሻንጣው ሲወረወር ሸክላው የሽፋኑን ስፌት ከውስጥ ቀዶት ይወጣል። ቢቻል የእጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ልብስ መካከል፣ ቆሞ። «ታሽጎ ይምጣልኝ» የምትሉ ከሆነ ስፌቱ ተቀዶ ቢመጣ አትቆጡ። ከአውሮፕላን ወርዶ ደግሞ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳይተወው፤ የጎበጠ ሸክላን ማቃናት የሚባለው ነገር ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው የሚሳካው።

ሰውየው ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለውና እናንተም ገንዘብ ከተረፋችሁ፣ ከዚያው ከክላሲክ ቫይናል ተከታታይ የሊ ሞርጋንን «ዘ ሳይድዋይንደር» ጨምሩበት። እሱም አምስት ሰው ነው፣ በ1963 መጨረሻ የተቀዳ፣ እዚህ 20 ዓመቱ የነበረው ልጅ የራሱን ባንድ ይዞ። ያኛው የወጣው በ1964 ስለሆነ አውሮፓም ውስጥ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ስለዚህ እትም ስትመርጡ እንደ «ሞኒን» አያለፋችሁም።